የአራቱ ጥጆች ስም

አበባይሽ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው? እስቲ ልቀመጥ፤ ከዴን ሃግ፣ ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ፣ እዚህ ሮተርዳም ድረስ ቆሜ ነው የመጣሁት። እሁድ እሁድ ባቡሩን ለምን እንደሚያሳጥሩት አላውቅም። ለነገሩ ቅርብ ነው፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንዳንድ ሰው ግን ከዚህ ዴን ሃግ መሄድ ባሕር ማቋረጥ ይመስለዋል… ተይው፣ እንዲሁ ነው።

አዳራሹን እንዴት አሳምረውታል! የጠረጴዛው ጨርቅ ከፊኛው፣ ፊኛው ከክርስትናው ቀሚስ ጋር ገጥሟል። የሕፃኗ ስም ኬኩ ላይ፣ ናፕኪኑ ላይ፣ የውሃው ጠርሙስ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ስም ሲያወጡ እንዲህ ነው እንጂ። አጠር ያለ፣ ሆላንዶቹም ምላሳቸው ሳይያዝ የሚጠሩት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ታስቦበታል አሉ።

ስለ ስም ከተነሳ አይቀር፣ እኛ እርሻ እኮ ስም ማውጣት ትልቅ ሥራ ነው። እዚያ ዞተርሜርን አልፎ ያለው፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አዛውንቶች ቀን ቀን የምናውልበት። ባለቤቶቹን ነግሬሽ የለ? አሜሪካ ውስጥ አሚሽ የሚባሉ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ ሰዎች በቪዲዮ አይተሽ ይሆናል፤ የእነሱ የአክስት ልጆች በያቸው። መኪናስ ይነዳሉ፤ ቤታቸው ግን ቴሌቪዥን የለም፣ እመቤቲቱ ኮርኔሊያ ሱሪ ለብሳ አታውቅም፣ እሁድ ልብስ እንኳ አያሰጡም። ጥጃ በተወለደ ቁጥር ከአዛውንቶቹ አንዱ ስም ያወጣል፣ ስሙም ጋጣው በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው፤ ሰው የተጠራበት ስም ለከብት አይሰጥም። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ታዲያ እዚያ አንድ የእኛ አገር እናት አሉ። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ ለምን እናገራለሁ? የጋይንት ሴት ናቸው፣ ከብት ያሳደጉ። የመጀመሪያዋ ጥጃ ስትወለድ ቡሬ ይሏታል፣ ቦራ ይሏታል ብዬ ስጠብቅ፣ ግንባሯን ዳበስ አድርገው የልጃቸውን የቁልምጫ ስም ሰጧት። ሁለተኛዋ ስትወለድ… ያንኑ። ሦስተኛዋም ያንኑ። አሁን አራት ጥጆች በአንድ ስም ይጠራሉ። ኮርኔሊያ ሲቸግራት ቁጥር ጨመረችበት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሴትዮዋ አንዴ ሲጣሩ አራቱም ይመጣሉ። ሲጠሯት የምትመጣ ልጅ ማግኘት ቀላል ነው እንዴ?

«የማን ስም ነው?» ብላ ኮርኔሊያ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? «አገራችን የላም ስም ነው» አልኳት። እንደዚያ ባለ ቤት መዋሸት እንዴት እንደሚከብድ ብታይ… ግን የሰው ልጅ ላሳጣ? አንቺም ስሙን አትጠይቂኝ። ደስ የሚል ስም ነው፣ ይኸው በቂ ነው። እዚህ ጮክ ብዬ ብጠራው ዞር የሚል ሰው አይጠፋም።

ነይ ነይ፣ እመቤቴ፣ ለእኛም ዶሮውን ጨምሪልን። ይብቃ፣ ይብቃ፣ እናመሰግናለን። አንቺ እኮ ቁጭ ሳትይ ዋልሽ። ምነው ቆምሽ? ኧረ ስለ አንቺ አይደለም፣ ስለ ጥጃ ነው የምናወራው። ሂጂ፣ እንግዶችሽን አስተናግጂ።

አየሻት፣ ሰው ስታስተናግድ ስታምር? ያቺ የሴትዮዋ ልጅም እንዲሁ ባለሙያ ናት። ባለፈው ዓመት እዚሁ ዴልፍስሃቨን ሰፈር፣ እናት አባታቸውን ለሚያስታምሙ ሰዎች ትምህርት ስትሰጥ ከፊት ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። «ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜያችንን መስጠት ነው» አለች፣ በስላይድ አስደግፋ። አለቀስኩ። ነገሩን እንዲህ አበጥሮ ማወቅ ራሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለሌላው ከየት ታምጣ? ለእናቶች ቀንም ፎቷቸውን ለጥፋ «እናቴ ሕይወቴ» ብላ ነበር፤ ስድስት መቶ ሰው ወደደላት። ፎቶው የድሮ ነው፣ ሴትዮዋ ጥርሳቸው ሙሉ ሳለ የተነሱት። ምን ታድርግ፣ አዲስ ለማንሳት እኮ መገኘት ያስፈልጋል። ሐሜት እንዳይመስልሽ፣ እያመሰገንኳት ነው።

ደግሞ ጭራሽ አልመጣችም አላልኩም። በፋሲካ ሰሞን አንድ ሐሙስ መጥታለች። ሩብ ሰዓት። ያን ጊዜ እንኳ ሆዷ ገፍቶ… ማለቴ፣ ደክሟት ነበር። እናትየው ዓይን ዓይኗን አይተው «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ቀጥለውም «እንግዳ ነሽ መሰል፤ ነይ ልጄን ላሳይሽ፣ እሷ ናት በየቀኑ የምታየኝ» ብለው እጇን ይዘው ወደ ጋጣው ወሰዷት። ልጅቷ በሩ ላይ የተጻፈውን አነበበች። አንዴ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። እኔ ፊቴን አዞርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያች ላይ አንጀቴን በላችው። ከእንግዲህ አትቀርም ብዬ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሳህን ሾርባ አስተርፍ ነበር። አሁን ትቻለሁ። አፍስፕራክ መያዝ ነበረብኝ፤ በዚህ አገር ያለ ቀጠሮ እናትም አትናፈቅም።

ዛሬ ጠዋት ላክ በሚባለው የዴን ሃግ ሰፈር፣ ሴትዮዋ ቤት ጎራ ብዬ ነው የመጣሁት። እሁድ እርሻው ዝግ ነው፣ ብቻቸውን ናቸው። እኔ ሞኟ ትናንት «ነገ ክርስትና አለብኝ» ብያቸው ኖሮ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው በር ሥር ተቀምጠዋል። ስንቱን የሚረሱ ሰው ይህችን አልረሷትም። «አንቺ ልጅ፣ ልጄን ልታስጠምቂያት ነው? ይዘሽኝ ሂጂ» አሉኝ። ስልክ ደውዬ ላምጣቸው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ስሜ ተጠርቶ «የትነበርሽ ሙች፣ ይደክማሉ፣ ሕዝቡ ይበዛባቸዋል» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ፎቶ አንሺ አለ፣ ቪዲዮ አንሺ አለ፣ የሥራ ባልደረቦቿ ከነልጆቻቸው አሉ… የማን እንዳትዪኝ። አንዲት አሮጊት ጥግ ላይ ቢቀመጡ ምን ያበላሹ ነበር? አያት ሆነው የልጅ ልጃቸውን ግንባር ሳይስሙ… አበባይሽ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ግን ንዴቴን ባቡር ላይ ጨርሼ ነው የገባሁት፤ ይኸው ጥርሴን አላየሽም?

እሰይ፣ ሕፃኗን አመጣችልን። ወዲህ ስጪኝ፣ የኔ እናት፣ አቅፌ ልመርቃት። አንቺም እዚሁ ቁሚ፣ ምርቃት ቆሞ ነው የሚሰማው። አቤት ስታምር! የኔ ቆንጆ፣ እደጊ፣ ተመንደጊ። ጤናውን፣ ዕድሜውን ይስጥሽ። ለእናትሽም እስክታረጅ ድረስ ዕድሜ ይስጥልሽ፣ ጧሪ ቀባሪዋ ያድርግሽ። እሷ ለእናቷ የሆነችላትን ሁሉ፣ አንድም ሳታጎድይ፣ አንቺም ለእሷ ሁኚላት… አሜን በሉ እንጂ።