ሶፋ ላይ የወጣሁት ለመቀመጥ አይደለም

ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ ብዬ መጀመር እንዳለብኝ የነገረችኝ ብስክሌታችንን የምትጠግነው ጁን ናት። እሷ ባትመክረኝ ኖሮ፣ እስከ አንገታችሁ ጭቃ ሆናችሁ የማውቃችሁን ሰዎች «ክቡራን» ለማለት አፌ አይታዘዘኝም ነበር። ብቻ አመሰግናለሁ። ጋራዡን ጠርጋችሁ፣ ሳልሞኑን አጭሳችሁ፣ ይህን ሁሉ ዝናብ ችላችሁ ለስንብቴ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። አለቃችን ብራምም ስለተናገረው መልካም ቃል ምስጋና ይገባዋል፤ ከአንዷ በስተቀር። «የሚገባትን ዕረፍት» ብሏል። ብራም፣ ለመሆኑ ዕረፍት የጠየቀህ ማን ነው?

ይህችን ቃል ሳልመልስ አልሄድም። ስለዚህ ተቀመጡ። ዓሣው እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል፣ የትም አይሄድም።

አዲሶቹ የብስክሌቴን ነገር የሰማችሁት በቁርጥራጭ ነው፤ ደግሞ ከሮላንድ አፍ ነው የሰማችሁት። ዛሬ ከእኔ ስሙት።

እኔ እዚህ ተራራ ላይ የወደቀ ብስክሌተኛ ማንሳት ስጀምር፣ የፓትሮሉ፣ የነፍስ አድን ቡድናችን፣ ሰው ሁሉ የሚነዳው ከፊት ብቻ ንዝረት የሚውጥ ሞላ ያለውን ብስክሌት ነበር። የኋላው ጎማ ከአካሉ ጋር ደርቆ የተያያዘ ነው። ድንጋዩንም የዛፍ ሥሩንም እንዳለ አምጥቶ ወገባችሁ ላይ ያራግፈዋል። የኋላው ሞላ የራሳችሁ ጉልበት ነው፤ ቆማችሁ ነው የምትወርዱት።

የቡድናችን አንጋፋ ሮላንድ ቻርትራንድ፣ ያውና ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያልሰማ ይመስላል፣ ለአዲስ ገቢ ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር። «የኋላ ጎማ አይዋሽም። የመንገዱን እውነት ይነግርሃል፤ አልሰማም ካልክ ይጥልሃል።» ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን ብስክሌት «ሶፋ» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ከከተማ የመጣ እንግዳ እንዲህ ያለውን ይዞ ሲያልፍ «ሰውየው ሳሎኑን ተሸክሞ መጣ» ይለናል፤ እኛም እንስቃለን።

እኔም አምኜበት ነበር። የእኔዋ አረንጓዴ ነበረች። ዳገት ላይ ፔዳሏን ስረግጥ ጉልበቴ የትም ሳይባክን በቀጥታ መሬት ይገባል። ቁልቁለት ላይ የት እንደምረግጥ አስቀድሜ መምረጥ ነበረብኝ፤ ያ መምረጥ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ከእሷ ጋር የማረጅ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወገቤ እምቢ አለ።

ወድቄ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ክብር አለው። እኔ ግን አንድ ጠዋት ካልሲዬን ላደርግ ጎንበስ አልኩ፣ እንደ ጎበጥኩ ቀረሁ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። በአከርካሪዬ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ አልቋል። «ተራራውን እርሺው» አለኝ። «መንቀጥቀጡ ነው የጎዳሽ።»

ብራም ያኔ አዲስ አለቃ ነበር። ቢሮው አስገብቶ ሻይ ቀዳልኝ። «ስልክ የሚቀበል ሰው እንፈልጋለን» አለኝ። «ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ወንበሩም ምቹ ነው። ደመወዝሽም አይነካም።»

በደግነት የሚገፋችሁ ሰው ከባድ ነው። ልትጮሁበት አትችሉም።

«ብራም፣ ተራራው ላይ የሚሠራ ሰው የፀደዩን ፈተና ያለፈ ነው አይደል?» አልኩት።

«ነው።»

«እንግዲያው ልፈተን። ከወደቅሁ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ እንጂ ስልክ አልቀበልም።»

«ሜቪስ፣ በዚያ ወገብሽ?»

«በዚህ ወገቤ።»

ፈተናውን ታውቁታላችሁ። ሙሉውን የነፍስ አድን ሻንጣ ተሸክሞ «ጥርሶቹ» የምንለውን ቁልቁለት መውረድ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እርጥብ ድንጋይና የዝግባ ሥር። ግን መውረዱ ብቻ አይደለም። ታች ስትደርሱ፣ እግሩ የተሰበረ መስሎ የተኛ ሰው ይጠብቃችኋል፤ ትንፋሽ ሳትሰበስቡ ታስሩታላችሁ። ብዙ ጎበዝ ነጂ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ወርዶ ይደርሳል፣ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል።

ወደ ጁን ኦካዳ ሄድኩ። እዚች ጋራዥ ውስጥ፣ ያ ጠረጴዛ ጋ። «ከኋላ ሞላ ያለው ብስክሌት እፈልጋለሁ» አልኳት። ጁን የብሎን መፍቻዋን አስቀመጠች፤ ሄዳ በሩን ዘጋች። እውነቴን ነው፣ ዘጋች።

«ሮላንድ ያውቃል?»

«ባሌ ነው እንዴ?»

ብስክሌቱ ሲመጣ የኋላውን ሞላ በትንሿ ፖምፓ አየር ልትሞላ ተንበረከከች። «ክብደትሽን ንገሪኝ፣ በእሱ ልክ ነው የሚሞላው» አለች። ነገርኳት። ማለቴ፣ አንድ ቁጥር ነገርኳት። በማግሥቱ የመጀመሪያው ሥር ላይ ስዘል ሞላው እስከ መጨረሻው ተቀብሮ ቋ አለ፤ ጥርሴ ተጋጨ። ተመልሼ መጣሁ። ጁን ቀና ብላ ሳታየኝ ፖምፓውን አነሳችና፣ «አሁን ደግሞ የእውነቱን» አለችኝ።

ችግሩ በዚያ አላበቃም። በመጀመሪያው ሳምንት ወደቅሁ። የቀድሞዋ ስፈጥን ታስጠነቅቀኝ ነበር፤ ትደበድበኛለች፣ እኔም ፍሬን እይዛለሁ። ይህችኛዋ ዝም ብላ ትሄዳለች። ድንጋዩ ላይ ፈሰስ ትላለች፣ ምን ያህል እንደፈጠንኩ የማውቀው ኩርባው ሲደርስ ነው። ኩርባው ደረሰ፣ እኔ ቀጥ ብዬ የፈርን ቁጥቋጦው ውስጥ ገባሁ። ያነሱኝ እነዚሁ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ሮላንድ ከላዬ ቆሞ፣ «ሶፋው አልተመቸሽም እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?» አለኝ።

በማግሥቱ ስመጣ ኮርቻዬ ላይ የሳሎን ትራስ በፕላስተር ታስሮ ጠበቀኝ። አበባ ያለበት ትራስ። ማን እንዳሰረው ዛሬም አልጠይቅም። ሁላችሁም መስኮቱ ጋ ቆማችሁ ፈትቼ እስክወረውረው ትጠብቁ ነበር። አልፈታሁትም። ቀኑን ሙሉ ትራሱ ላይ ሆኜ ሠራሁ። ክንዱ የተሰበረ አንድ እንግዳ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» ቢለኝ፣ «የፓትሮሉ አዲስ ደንብ ነው» አልኩት።

የፈተናው ቀን ዘነበ። ሮላንድ እንደ ልማዱ በደረቁ ብስክሌቱ ከሁሉም ቀድሞ ወረደ፤ ቀድሞ የወረደ ደግሞ ቁስለኛ ሆኖ መተኛት ደንብ ነው። ጭቃው ውስጥ ተጋደመ። ከእኔ በፊት ሌሎችም ደርሰው አሰሩት፣ ፈቱት። እኔ ከመጨረሻዎቹ ነበርኩ፤ ፈጣን ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። ወገቤ እያመመኝ ነው የወረድኩት። ግን እግሬ መሬት አልነካም። ታች ስደርስ ሻንጣዬን ፈታሁና እጄን አየሁት። ዝም ብሏል። ከዚያ ዓመት በፊት በየትኛውም ፈተና እጄ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር።

የሮላንድን እግር አሰርኩ። ቋጠሮውን ራሱ ስቦ ሞከረው፤ አልላላም።

«ፈተናውን ያለፈችው ብስክሌቷ ናት እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለኝ፣ እንደ ተጋደመ።

«ቁስለኛ በቃሬዛ ስናወርድ ያዳነው ቃሬዛው ነው ትላለህ?»

«ቃሬዛ ብቻውን አይወርድም።»

«ብስክሌቴስ?»

ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። በእጁ ጠረገው። «ሶፋ ሶፋ ነው» አለ። «በይ አሁን ፍቺኝ፣ እግሬ ደነዘዘ።»

ብራም ያለፉት ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሜን ጻፈ። ስልኩንም ሌላ ሰው ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ በጋ አልፏል። ብስክሌቷ ገነት ናት አልላችሁም። ከባድ ናት። ዳገት ላይ ስትወዛወዝ ጉልበቴን ትበላለች። መገጣጠሚያዋ ብዙ ስለሆነ ጭቃ በገባ ቁጥር ትንጫጫለች፤ ጁን ምስክሬ ናት። ወገቤም አልዳነም፣ አይድንምም። ሠራሁበት እንጂ አልዳነም።

ዛሬ ከቡድኑ ግማሹ ከኋላ ሞላ ያለው ነው የሚነዳው። ግን ሁላችሁም ምክንያት አላችሁ። አንዱ «ለጉልበቴ ነው» ይላል፣ አንዱ «ለሙከራ ነው» ይላል። ለምን ትሸማቀቃላችሁ? ማን ፊት ቀርባችሁ ነው የምትከራከሩት? ሥራችን የወደቀ ሰው ጋ መድረስ ነው፤ ደርሶም ማሰር ነው። በምን ደረስሽ ብሎ የጠየቀኝ ቁስለኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሮላንድ ደግሞ ዛሬም በደረቁ ነው። እንዲቀይር አልለምነውም። ይወደዋል፣ ይችልበታል። እኔም የእኔዋን እወዳት ነበር። ከእሷ ይልቅ ግን ሥራዬን ወደድኩ፤ አንዱን ለመያዝ አንዱን ለቀቅሁ። ይህን መሸነፍ የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ጆሮዬ ይደክማል።

አሁን ወደ ብራም ቃል ልመለስ። ዘንድሮም ፈተናውን ወሰድኩ፤ አለፍኩ። ልብሴን ሳልቀይር፣ ጭቃዬን ምንጣፉ ላይ እያንጠባጠብኩ ቢሮው ገባሁና «እለቃለሁ» አልኩት።

«አልፈሻል እኮ!» አለኝ።

«ለዚህ ነው እኮ» አልኩት።

ሰው አላወጣኝም። ሐኪሙም፣ ወገቤም፣ ዕድሜዬም አላወጡኝም። በሩን ራሴ ከፍቼ ልወጣ ስለፈለግሁ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት «ጥርሶቹ»ን ስወርድ ጆሮዬ ሬዲዮ ላይ፣ ዓይኔ የወደቀ ሰው ላይ ነበር። ከእንግዲህ ያለ ሻንጣ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ከጫፍ እስከ ታች አንድ ጊዜም ሳልቆም መውረድ ያምረኛል። ዕረፍት ካላችሁት፣ እሺ፣ ይኼ ነው ዕረፍቴ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጉልበታችሁ አይክዳችሁ፤ ከካዳችሁም መላው አይጥፋባችሁ። አዲሶቹ፣ ከመሀላችሁ ተራራው አንድም ሰው አይቀንስ። ጁን፣ እጅሽ ይባረክ። ብራም፣ የተቆጣሁህን ያህል አክብሬሃለሁ። ሮላንድ፣ ዕድሜህ ይርዘም፤ የምከራከረው ሰው አታሳጣኝ። ሁላችሁንም ሲጠሯችሁ የምትሰሙ፣ ስትሄዱም በጊዜ የምትደርሱ ያድርጋችሁ።