ለቤቴ የመረጥሁት የጆሮ ማዳመጫ

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃችን ሰር ኤድሰል፣ የሦስተኛው ፎቅ ልጆች በሙሉ፤

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ዛሬ እነግራችኋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ለዚህ ቢሮ የጆሮ ማዳመጫ ስመርጥ ለእናንተ አልመረጥሁም። ለራሴ ቤት ነው የመረጥሁት።

አሁን ላመስግን። ምስጋናው መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ፤ ግን እሱን ካስቀደምሁ ድፍረቴ ይከዳኛል። የአሳማ ጥብሱን ሌቾን ከካርካር ድረስ ሄዳችሁ ያመጣችሁ፣ የፓንሲቱን ኑድል የሠራችሁ፣ ስሜን በወርቃማ ወረቀት ግድግዳው ላይ የለጠፋችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከስሜ አንድ ፊደል መጉደሉን አይቻለሁ። ያን ቀልደኛ ልጅ፣ ዶንግ ጁንሬልን፣ ብጠይቀው፣ «ማናንግ፣ ወረቀቱ አልቆብን ነው፤ የቀረችውን ፊደል ጡረታ ሲወጡ ቤትዎ ድረስ እንልክልዎታለን» አለኝ። እጠብቃለሁ።

አዲስ ለገባችሁት፣ ፐርፔቱዋ ሉማፓስ እባላለሁ፤ እዚህ ግን ታላቅ እህት ለማለት «ማናንግ» ይሉኛል። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እዚህ የገባሁት ወለል ልወለውል ነበር። ከቅርጫት የማወጣውን የተጣለ ወረቀት ቤቴ እየወሰድሁ አነብ ነበር፤ የሐኪሞቹን ቋንቋ የለመድሁት በዚያ ነው። የቀድሞዋ አለቃችን አንድ ቀን ደርሳብኝ ፈተነችኝና ወንበር ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሐኪሞች ስለ ሕመምተኞቻቸው የተናገሩትን እየሰማሁ ስጽፍ ኖርሁ። ስለዚህ «ማናንግ ታነባለች፣ ማናንግ ታውቃለች» ትሉ ነበር። የጎዳችሁ ይህ እምነታችሁ ነው።

የድሮዎቹን ማዳመጫዎች ታስታውሳላችሁ? ግማሾቹ በፕላስተር የታሰሩ፣ ግማሾቹ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሠሩ። ሰር ኤድሰል ሦስት ካርቶን ይዘው መጡና እንዲህ አሉ፦ «ርካሹ በሦስት ወር ይሰበራል። ውዱን ዋናው ቢሮ አይፈቅድም። ከመካከለኞቹ ሦስት ዓይነት አምጥቻለሁ፤ አንዱን ምረጡ። ለየራሳችሁ ነው፤ ቤታችሁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።»

ማን ይምረጥ? ሠላሳ ሁለት ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ማናንግ ይምረጡ!»

«እኔ ስለ ዕቃ ምን አውቃለሁ?» አልሁ።

«ማናንግ የማያውቁት ነገር ባል ማናደድ ብቻ ነው» አለ ጁንሬል፤ ሳቃችሁ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ታላቅ ባለበት ታናሽ እጁን አያወጣም። ያደግንበት ነው፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሦስቱንም ማንዳዌ ወዳለው ቤቴ ወሰድኋቸው። ቤቴ ውስጥ ባሌ ክሪስፑሎ ነበር። ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፣ አፉም ተይዟል። ሲፈልገኝ በደህናው እጁ የቆርቆሮ ኩባያ በማንኪያ ይመታ ነበር። እኔ አጥቤው፣ አብልቼው፣ ትራሱን አስተካክዬለት ስጨርስ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ እሰማለሁ። ቀኑን ሙሉ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ሲያፈጥጥ የዋለ ዓይን ማታ መጽሐፍ አይገልጥም። ያችን አንድ ሰዓት ከማንም ጋር አልካፈላትም ነበር።

የመጀመሪያው ማዳመጫ ጀርባው ዝግ ነው፤ ጆሮ ላይ እንደ ድስት ክዳን ግጥም ይላል። የአንባቢዋ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። የጎረቤቱ ዶሮ ጠፋ፣ የመንገዱ ጂፕኒ ታክሲ ጠፋ፣ ዓለም ጠፋ። አንድ እሑድ ከሰዓት ምዕራፉ ሲያልቅ አነሣሁት። ክሪስፑሎ ማንኪያው ከእጁ ወድቆበት ኩባያውን በጥፍሩ ይቧጭር ነበር። አንሶላው ርሷል። ለምን ያህል ጊዜ እንደጠራኝ አላውቅም። ሳየው አልተቆጣም፤ በደህናው እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ያን ማዳመጫ ወደ ካርቶኑ መለስሁት። ሁለተኛው መነጽሬን ከጆሮዬ ጋር ይጨፈልቀው ነበር። ሦስተኛው ጀርባው ክፍት ነው። እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ አየር የሚያስገባ፣ የለበሱት እንኳ የማይመስል። ድምፁ ያምራል፤ የክሪስፑሎም ኩባያ በመሀል ይሰማል። በቃ፣ ይህ ነው አልሁ።

ለሥራ የሚሻለው የትኛው ነው ብዬ አልጠየቅሁም። እዚህ አምጥቼ ከዚያ ከሚያጓራው አየር ማቀዝቀዣ ሥር፣ በስልክ ኢንሹራንስ የሚሸጡት ልጆች ከሚጮኹበት ግድግዳ አጠገብ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልሞከርሁትም። የግዢው ቅጽ ላይ ግን «በሥራ ቦታ ተሞክሮ የተመረጠ» ብዬ ፈረምሁ። ለእናንተም «ቀላል ነው፤ ጆሮ አያሞቅም፤ መነጽር አይጫንም» አልኋችሁ። ሁሉም እውነት ነበር። እውነት እየተናገሩ መዋሸት እንደሚቻል ያን ቀን ተማርሁ።

ፍሎሪሳ ካባንታንን አዲሶቹ አታውቋትም። ከማቀዝቀዣው ሥር፣ ግድግዳው ጥግ የነበረው ወንበር የእሷ ነበር። ከሁላችንም ፈጣን እጅ ነበራት፤ ምላሷም ከእጇ አያንስም። በመጀመሪያው ሳምንት መጣችና፣

«ማናንግ፣ ይህ ሄድፎንዎ ጎረቤት ይወዳል» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ሐኪሙ ስለ በሽተኛው ኩላሊት ሲነግረኝ፣ እነዚያ ልጆች ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ለኩላሊቱ ኢንሹራንስ ይሸጡለታል!»

ሁላችን ሳቅን። እኛ ቅሬታን ለታላቅ ሰው የምናቀብለው በሳቅ ጠቅልለን ነው፤ ጥቅሉን መፍታት የተቀባዩ ድርሻ ነው። እኔ የሳቁን ተቀብዬ ጥቅሉን አስቀመጥሁት።

«ድምፁን ጨምሪው፣ ኢንዳይ ልጄ» አልኋት።

ጨመረችው። እናንተም ጨመራችሁ። ማናችሁም «ማናንግ ተሳስተዋል» አላላችሁም። በመካከላችሁ ሳልፍ ከሦስት እርምጃ ርቀት የሐኪሞቹን ድምፅ ከጆሯችሁ እሰማ ነበር፤ ክፍት ማዳመጫ ወደ ውጭም ያፈሳል። ለእኔ እንዲያ ከተሰማኝ፣ ለእናንተ ምን ያህል እንደሚጮኽ ማሰብ አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም።

ክሪስፑሎ ከስምንት ወር በኋላ አረፈ። ሁላችሁም ለቀብሩ መጣችሁ፤ ፍሎሪሳ የሐዘኑን ዘጠኝ የጸሎት ቀን በሙሉ ወንበር ከመደርደር እስከ ሳህን ማጠብ ከቤቴ አልጠፋችም። ከዚያ በኋላ የኩባያ ድምፅ የምጠብቅበት ምክንያት አልነበረኝም። «ሰር ኤድሰል፣ ተሳስቻለሁ፤ ይቀየር» ማለት እችል ነበር። ይህን ካልሁ ግን ለምን እንደመረጥሁት መናገሬ ነው፤ «ማናንግ ታውቃለች» የሚለው ስሜም ይወድቃል። ዝም አልሁ። በባሌ ማሳበብ ለስምንት ወር ይቻላል። የቀረው አምስት ዓመት ከአራት ወር የእኔ የብቻዬ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ፍሎሪሳ በምሳ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ማናንግ፣ ግራ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ፉጨት ይለማመዳል። እባክዎ ዜማ ያስተምሩልኝ፤ አንድ ዓይነት ሆነብኝ» አለችኝ። ይህም በሳቅ የተጠቀለለ ነበር። ቀስ በቀስ ጽሑፏ ውስጥ ስሕተት በዛ። ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ወንበሯን ከማቀዝቀዣው ሥር እንዲያነሡላት ሁለት ጊዜ ጠይቃ ነበር። ሰር ኤድሰል፣ «ገመዱ አይደርስም» ነበር ያሉት። ገመድ እኮ ይገዛል፣ ሰር። ባለፈው ዓመት «በገዛ ፈቃዴ» የሚል ደብዳቤ ፈርማ ወጣች። የማን ፈቃድ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ኬክ ቆርጠን ሸኘናት።

ከዚያ ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ነው ብላ ለሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አመለከተች። መሥሪያ ቤታችን ያቀረበው መልስ የእኔ ቅጽ ነው። በኅዳር ወር ወደ ትንሹ ክፍል ተጠራሁ። አንድ ጠበቃ ወረቀቱን አሳየኝ።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ዕቃው በሥራ ቦታ ተሞክሯል?»

«አዎ።»

ቃሌ ይኸው ነበር። ለስላሳና ብስኩት አቀረቡልኝ፤ ብስኩቱንም በላሁ። የፍሎሪሳ ማመልከቻ ተጣለ።

በየካቲት ማንዳዌ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ዓሣ ስመርጥ ከኋላዬ መጥታ እጄን ለአክብሮት ወስዳ ግንባሯ ላይ አደረገች፤ እንደ ድሮዋ። መናገር ስጀምር ክንዴን ይዛ አዞረችኝ።

«በቀኜ ይቁሙልኝ፣ ማናንግ። በግራዬ የሚቆም ሰው ለእኔ ፎቶግራፍ ነው።»

«አልሻለሽም?»

«ተሻለኝ እንጂ! ባሌ ሲያንኮራፋ በቀኜ እተኛለሁ፤ እንደ ንግሥት አድራለሁ።»

ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ስለ ጉልበቴ ሕመም ነበር። ዓሣውን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

ይግባኝ ማለቷን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ጉዳዩ በሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ይታያል። በዚሁ ሳምንት ደግሞ ሁለት ጥያቄ መጣልኝ። አንደኛው የእናንተ ነው፤ ጁንሬል፣ «ማናንግ፣ ለስንብት ስጦታ ሄድፎን ልንገዛልዎ ነው፤ የትኛውን ይወዳሉ?» አለኝ። ሁለተኛው የሰር ኤድሰል ነው፦ «ለአዲሱ ፎቅ አርባ ያስፈልገናል። ከመሄድዎ በፊት እንደዚያን ጊዜው ይምረጡልን፤ ጥሩ ዓይን አለዎት።»

ዓይን አሉኝ። ጆሮ እንኳ አላሉም።

አልመርጥም። ስጦታውንም አልወስድም፣ አትቀየሙኝ። ግን አንድ ጊዜ ስለተሳሳትሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ማዳመጫ ፀጥ ባለ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጥሩ ነው። ወደየወንበራችሁ አምጡት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቶቻችን ጩኸት በሚጀምሩበት ጊዜ፣ ያን እያኘከ የሚናገረውን ሐኪም ክፈቱና ስሙት። ድምፁን ከግማሽ በላይ ካስጨመራችሁ ዕቃው አይሆናችሁም፤ ጥፋቱ የጆሯችሁ አይደለም። መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሙሉ ቀን ዋሉበት። ለዚህ ክፍል ጀርባው ዝግ የሆነው ይሻላል፤ ቢያሞቅም ይሻላል፤ በየሰዓቱ አውልቃችሁ ጆሯችሁን አናፍሱት።

ቤት ሌላ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የሚጠራችሁ ሰው አለ? ሕፃን፣ በሽተኛ፣ ያረጀች እናት? እንግዲያው ክፍቱን ያዙ፤ ወይም አንድ ጆሯችሁን ለእነሱ ተዉላቸው። ለሥራም ለቤትም የሚሆን አንድ ዕቃ አለ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ፣ «የማን ቤት?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ታላቅ ይከበር፤ በእናንተ ጆሮ ላይ ግን አይወስን።

ሰር ኤድሰል፣ አይነሡ፣ ልጨርስ ነው። ይህን ከማንበቤ በፊት ሐሰተኛ ቃል ስለሰጠ ሰው ሕጉ ምን እንደሚል አንብቤአለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ቀላል አይደለም። ማናንግ ታነባለች ትሉ የለ?

እናንተንም አልወቅስም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። ከእናንተ ውስጥ ቢያንስ አራት ሰው ጆሮው ይጮኻል፤ ከንግግራችሁ አውቃለሁ፤ «ምን አሉ?» ማለት አብዝታችኋል። ፍሎሪሳ ብቻዋን ስትቆም ግን ሁላችሁም ሰሌዳችሁን ታዩ ነበር። እኔም የራሴን ሳይ ነበር።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ የሽማግሌ ምርቃት መራራ ቢሆንም ይያዛል። ሥራችሁ እንጀራ ይሁናችሁ እንጂ አካላችሁን አይብላው። ቤታችሁ የሚጠራችሁ አይጣ፤ ሲጠራችሁም የምትሰሙ ያድርጋችሁ። አለቃችሁ ቅሬታን ያለ ሳቅ የሚቀበል ይሁን። እዚህ ወንበር ላይ የሚያረጅ ሁሉ እንደ እኔ የሚደብቀው ነገር ሳይኖረው ያርጅ።

ይህን ያነበብሁት ከስድስት ገጽ ነው። በእጄ ጽፌ እያንዳንዱ ግርጌ ላይ ስሜንና ቀኑን አስፍሬ ፈርሜአለሁ። አንዱን ቅጂ ለሰር ኤድሰል ጠረጴዛቸው ላይ ትቻለሁ። ዋናውን ዛሬውኑ ይዤው እወጣለሁ፤ በቃል ብነግራት ግማሹ አይደርሳትም፣ ሐሙስ ጠዋትም የሚያስፈልጋት ወረቀት ነው። የምትቀበለው ፍሎሪሳ ካባንታን ናት።