ወጥተው የማይገቡት ጋሽ ዝም በሉ

እስቲ አንዴ ጆሮ ስጡኝ! ጎሚስታው፣ ያን ብርጭቆ መልሰው፤ ገና አልተባረከም።

ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሼ እዚህ ጋራዥ ሥራ የጀመሩ ቀን እኔ አልነበርኩም፤ ያኔ ገና ድክ ድክ የምል ልጅ ነኝ። ግን በር ጠባቂያችን ስንቴ እንደነገሩን ታውቃላችሁ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ከተፍ! የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ "ኦዲተር መጣብን!" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ሻይ ታዘዘ። መጋዘኑ ተከፍቶ ተጎበኘ። ስለጠፋው ክሪክ እንኳ ማንም ሳይጠይቃቸው ይቅርታ ጠየቁ አሉ። ጋሼ በትሕትና "እሺ፣ እሺ" እያሉ ሲከተሉ አርፍደው፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ቱታ የምቀበለው ከማን ነው?" አይሉ መሰላችሁ!

የሥራ አስኪያጁ ድንጋጤ ለእኔ የገባኝ ዘንድሮ ነው። እኛም በተራችን ደነገጥና። ንግግር አድርጊ ተብዬ ቆምኩ እንጂ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ገና አላመንኩም።

ለእንግዶቻችን ላስረዳ። በኛ ጋራዥ ቋንቋ "መውጣት" ማለት የተጠገነ አውቶቡስ ይዞ መንገድ ላይ መሞከር ነው። "መግባት" ደግሞ ይዞት መመለስ ነው። እና ባለፈው ሻይ እየጠጣን ሳለ ጋሼ፣ "እኔ እንግዲህ ልወጣ ነው" አሉ።

ማን ደንቆት? "ፍሬኑን ይዩት" አልኳቸው፣ አገር ሰላም ብዬ።

"ሩቅ ነው የምሄደው።"

ጎሚስታው ቀበል አድርጎ፣ "እንግዲያው ትርፍ ጎማ ይያዙ!"

"አያስፈልገኝም።"

"ታዲያ ስንት ሰዓት ይገባሉ?" አልኩ።

"አልገባም" አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ክው አልን! ጡረታ እንደሚወጡማ እናውቃለን። እኛ ግን ቤታቸው ከጋራዡ አጥር ጀርባ ስለሆነ በየሳምንቱ ብቅ እያሉ ይቆጡናል ብለን ነበር። ለካ ሰውየው ባሕር ተሻግረው፣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ዝናብ የሚፈራረቁበት፣ ጡረተኛ ተቀብሎ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥ አገር ሊኖሩ ነው! ቤቱን በፎቶ አይተው ተከራይተውታል። በፎቶ! አንድ ፍሬን ሸራ ሦስት ጊዜ አገላብጠው ካላዩ የማይቀበሉት ሰውዬ!

ደግሞ ሙቀት! እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ። እኛ በብርድ ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ፣ ጋሼ ቱታቸውን እስከ ደረታቸው ከፍተው "ማነው በሩን የዘጋው?" ይሉ የለም? በበጋ ደግሞ ያቺን ብቸኛ ማራገቢያ ወደ ራሳቸው አዙረው፣ ሰው ሲነካባቸው "ተበላሽታለች፣ አንገቷ አይዞርም" ይላሉ። ስንት ዓመት አመንናቸው! ባለፈው ወር ፈረቃ ሲቀየር እኔ ነካ ባደርጋት ዞረች። ጋሼ፣ አይሳቁ!

ድንጋጤያችን በዚህ አላበቃም። ቅዳሜ ዕለት በቁምጣ መጡ። ለካ "እዚያ የሚለበሰው ይኼ ነው፣ ልለማመድ" ብለው ነው። የቀለም ቀቢው እጅ ላይ የነበረው ብሩሽ መሬት ወደቀ። እኔ ጋሼ ጉልበት እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር! ቋንቋውንም እየተማሩ ነው። ምን ምን ቻሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰው መጀመሪያ "ጤና ይስጥልኝ"ን አይደል የሚማረው? እሳቸው "ድምፁ ከየት በኩል ነው የሚመጣው?" የሚለውን ነው ያጠኑት። እዚያም ሄደው አርፈው ላይቀመጡ ነዋ!

"ጋሽ ዝም በሉ" የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ ነው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና "ዝም በሉ!" ይላሉ። ያን ጊዜ መዶሻ ይቆማል፣ ሬዲዮ ይጠፋል፤ ያስነጠሰው ሰው ይቅርታ ይጠይቃል።

ጋሼ፣ አሁን ቀልዱን ላቁም። እኔ የባትሪ ክፍል ስመደብ "ይቺ ልጅ ባትሪውን ታነሳዋለች ወይስ ባትሪው ያነሳታል?" እየተባለ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ተናጋሪ በዛና ዋጥኩት። ከኋላ "ዝም በሉ!" የሚል ድምፅ መጣ። ቤቱ ጸጥ አለ። የሚደመጥ ሞተር ግን አልነበረም። "እሷ ትናገር" አሉ። ያን ቀን የተናገርኩትን ረስቼዋለሁ፤ ያስደመጡኝን ሰው ግን እስክሞት አልረሳም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

አሁን የምነግራችሁን የጋሼ ባለቤት እትዬ ፈቅደውልኛል። አይደል እትዬ? እሺ።

ይኼን ጉዞ ከሰማሁ ጀምሮ አኩርፌ ነበር። "በስተርጅና ባሕር አማራቸው" ብዬ አምቻቸዋለሁ። ትናንት ሻንጣ ላግዝ ቤታቸው ሄጄ፣ እትዬን "እንዴት እሺ ብለው ተከተሏቸው?" አልኳቸው። እትዬ ሳቁና፣ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። ቶሎም አልቆመም። ሲቆምላቸው "እኔ አልተከተልኩትም ልጄ፣ እሱ ነው የተከተለኝ" አሉኝ።

ለካ ጋሼ ከእትዬ ጎን ተኝተው ደረታቸውን ሲያዳምጡ ነው የከረሙት። "ድምፁ ልክ አይደለም" ብለው ጎትተው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሳንባ ነው። ሐኪሙም ይኼ ብርድ እንደማይሆናቸው፣ ባሕር አካባቢ ሞቅ ያለ አየር ቢያገኙ እንደሚሻላቸው ነገራቸው። እትዬ "እምቢ" አሉ። "አንተ ሙቀት አትችልም፣ ትሞትብኛለህ! ጋራዥህ፣ ጓደኞችህ፣ ሰፈርህ እዚህ ነው፤ አልሄድም!"

ጋሼም፣ "እኔ ላቤን እጠርጋለሁ፤ አንቺ ብቻ ተንፍሺ" አሏቸው።

እኔ እዚያው ሻንጣው ላይ ቁጭ አልኩ። ለአንድ ቀን ሙቀት የሚነጫነጭ ሰው፣ የቀረ ዕድሜውን ሙሉ ሊሞቀው ዝም ብሎ ይፈርማል? ለማናችንም ምክንያቱን ሳይነግረን፣ በቁምጣው እየሳቅንበት?

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቆ አንሡ። "እንጠይቃችኋለን" እያላችሁ አታባብሏቸው፤ ቲኬቱ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ምናልባት ዳግመኛ ላንተያይ እንችላለን። ይኼን በሽኝት ላይ መናገር ነውር ነው፣ ግን እያወቅን ፈገግ ብለን ብንለያይ የበለጠ ነውር መሰለኝ።

ጋሼ፣ የሄዱበት ይቅናዎት፤ ጎረቤቱ ወንድም፣ መንገዱ ሰላም ይሁንልዎ። እትዬ፣ ለእርስዎ የምመኘው አንድ ነገር ነው። አንድ ጠዋት እዚያ ቤት ከእንቅልፍዎ ይንቁ፣ ሳይስሉ አልጋዎን አንጥፈው ይጨርሱ፣ ሳይስሉ ደረጃውን ይውረዱ፣ ከዚያ ድንገት ትዝ ይበልዎትና "አንተ! ዛሬ እኮ አልሳልኩም!" ይበሏቸው።

ለዚያ ጠዋት እንጠጣ!