ሰባትን በልኩ

አስተርጓሚዋ ቀሚሷን ልታሳጥር ጎራ ባትል ኖሮ፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ኮሪያኛ ቁጥር እንደሚለማመዱ ማንም ባላወቀ ነበር። «ጋሽ ልኩ» የሚል ቅጽል የወጣላቸው በግማሽ ጣት ስህተት እንቅልፍ ስለሚያጡ ነው። ስትገባ ስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው «ሃና፣ ዱል...» ይላሉ። እሷ ደግሞ የምትተዳደረው በዚሁ ቋንቋ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼን ከየት አመጡት?»

«ልጄ ያገባው ኮሪያ አይደል! የልጅ ልጄ እሑድ ሰባት ዓመት ይሞላታል፤ በስልክ ቪዲዮ እያየችኝ እስከ ሰባት ልቆጥርላት ነው። ባለፈው ስሞክር ግን ግራ ገብቷት እናቷ ጀርባ ተደበቀች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጋ አልመጣም ብላለች።» ድምፃቸው ሰለለ። ልጅቷ ጨርሳ እንዳትርቃቸው ፈርተዋል።

«እስቲ ሰባትን ይበሉት።»

«ኢልጎፕ!» መጨረሻው ላይ ከንፈራቸው በኃይል ተከፈተ።

«መጨረሻው ላይ ከንፈር ይገጠማል እንጂ አይከፈትም። ትንፋሹ እዚያው ይቀራል።»

«ተይኝ እባክሽ! በዚህ ዕድሜዬ አፍ ልፍታ? በፊደላችን ጽፌዋለሁ፣ ይበቃል። አያት ብሳሳትስ ምን አለበት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ ቀሚስ በአንድ ጎኑ ቢረዝም ‹ምን አለበት› ብለው ይሰጡኛል?»

«እሱማ ሞቼ ነው!»

«ታዲያ ለጨርቅ የሚጠነቀቁትን ያህል ለልጅቷ ቢጠነቀቁስ?»

ብዙዎቻችን በገዛ ሙያችን የማንታገሠውን ግድየለሽነት፣ የሰው ቋንቋ ላይ ሲሆን እንደ ጨዋታ እናየዋለን። ጋሽ ልኩ አኩርፈው የቀሚሱን ጠርዝ ለማያያዝ ስፒል አነሡ። እንደ ልማዳቸው በከንፈር ሊይዙት ወደ አፋቸው እያስጠጉ «ኢልጎ...» ብለው አጉረመረሙና ከንፈራቸውን ስፒሉ ላይ ገጠሙ።

«ይኸው! እሱ ነው!» አለች አስተርጓሚዋ።

ስፒሉን አወጡት። «ስፒል እንደመያዝ ነው በይኛ! አርባ ዓመት የሠራሁትን? አምስትና ስድስትስ?»

«እነሱም መጨረሻቸው ላይ ትንፋሽ ይቀራል፤ እዚያ ግን ምላስዎ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ተጣብቆ ይቅር።»

«ለምን ግን ትንፋሹን ያስቀሩታል?»

«አፋቸውን የፈቱት እንዲያ ነዋ! እነሱም የኛን ‹ጠ› እና ‹ጨ› ሲሰሙ ይገረማሉ።»

ጋሽ ልኩ ሳቁ፤ ቀሚሱም ተረስቶ እስከ ምሳ ሰዓት ሲቆጥሩ ቆዩ።

እሑድ ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ ኋላ አጮልቃ ታያለች። አያትየው ሳይቸኩሉ ቆጠሩና ሰባት ላይ ከንፈራቸውን ገጥመው ጠበቁ። ልጅቷ ብቅ አለች። ስልኩ ላይ ፊቷን ለጥፋ ስምንትን ጠራች፤ እሳቸውም ተከተሏት። ሲሳሳቱ እያረመች አሥር አደረሰቻቸው፤ የቀረውን ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠረችላቸው። ለመታረም እሺ ያለ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ከመደበቂያዋ አወጣት፤ ከዚህ የበለጠ ጥቅም ከየት ይመጣል?

ሰኞ አስተርጓሚዋ ቀሚሷን ልትወስድ ስትመጣ ወንበር ተስቦ ጠበቃት።

«ቀሚስሽ ደርሷል» አሉ ጋሽ ልኩ። «አሁን ተቀመጪና ከአሥራ አንድ ጀምሪልኝ፤ ቀጠሮ አለብኝ።»