በጥቁር ወረቀት የሸፈንኳት ቺፕ

ያንን የደርግ ዘመን ካድሬ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ናዝሬት፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሻን ነበርኩ። አንዱን የሽመና ማሽን የሚያዙት ሁለት ቺፖች ናቸው። አንዷ ውጭ አገር ስትሠራ ለማሽኑ የምትሰጠው ትእዛዝ አብሯት የታተመ ነው፤ አይፋቅም፣ አይለወጥም። ሌላዋ ላይ ግን የምንጽፈው እኛው ነን። ጀርባዋ ላይ ትንሽ መስታወት አላት፤ በዚያ ብርሃን ሲገባ የተጻፈው ይፋቅና እንደገና ይጻፍባታል። ስለዚህ ሁለት ወር ለፍቼ ከጻፍኩባት በኋላ መስታወቷን በጥቁር ወረቀት ሸፈንኩት።

ማሽኑ ለጥገና ቆሞ ሳለ ቺፖቹን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ለሦስት ሳምንት የጥጥ ለቀማ ዘመቻ ወደ አዋሽ ወረድኩ። ስመለስ የእኔዋ ቺፕ ወረቀቷ ተልጦ፣ የካድሬው ቢሮ መስኮት ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። የናዝሬትን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ወስጄ ብሰካት ማሽኑ ንቅንቅ አላለም።

"ጓድ፣ ወረቀቷን ለምን ላጧት?" አልኩት።

"ከሥሯ ምን እንደደበቅክ ማየት ነበረብኝ" አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። "ንጹሕ ሰው መስታወት አይሸፍንም።"

ይባስ ብሎ በሳምንቱ ስብሰባ ምርት አስተጓጉሏል ብሎ ከሰሰኝ። ከሳሹም፣ ሰብሳቢውም፣ ቃለ ጉባኤ ያዡም እሱው ነበር። ግለ ሂስ አድርግ ሲለኝ ተነሣሁና፣ "ጥፋቴ በወረቀት መሸፈኔ ነው፤ በቁልፍ መቆለፍ ነበረብኝ" አልኩ።

ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጻፈ፦ "ጓዱ ጥፋቱን አምኗል።"