አርባ ቀን ከደጅ

አቶ ዓለምነው ከደምበጫ ገበያ የገዙትን ቀይ በሬ እየነዱ፣ በልባቸውም “እንዲህ ያለ በሬ የገዛ ማን አለ?” እያሉ ሲመለሱ፣ ወደ መንደራቸው በሚያስገባው መገንጠያ ላይ ከምራታቸው ከሥራነሽ ጋር ተገናኙ። ሥራነሽ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ አማኑኤል ከተማ ሥራ ውላ ገና ከባጃጅ መውረዷ ነበር። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ዐይኗን ከአማቷ ላይ አንሥታ በሬው ላይ ተከለች። በሬው ሁለት ጊዜ ሳለ።

“አባባ፣ ይህ በሬ ያስለዋል።”

“አቧራ ነው ልጄ። እኔም መንገዱን ሁሉ ስስል ነው የመጣሁት፤ ማን መረመረኝ?”

ሥራነሽ አልሳቀችም። መንገዱን ቆርጣ ቀድማቸው ሄደች። እሳቸው ሲደርሱ የግቢውን በር በሁለት አግዳሚ ዘግታ ከፊቱ ቆማ አገኟት።

በአቶ ዓለምነው ቤት ከአያት የወረደ ደንብ አለ። የተገዛ በሬ በመጣበት ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከነባሮቹ ጋር ከአንድ ገንዳ ይጠጣል፤ ካልጠጣ ረድኤት አይከተለውም። በበረቱ ውስጥ ሦስት በሬ፣ ሦስት ላምና ሁለት ጥጃ አለ። የቤቱ ሀብት በሙሉ ያ ነው፤ ቀዩ በሬ የተገዛውም ጓድ ያጣውን ሦስተኛውን በሬ ለማጣመድ ነበር። ፀሐይዋ ደግሞ ወርዳለች።

“ክፈቺ!”

“አልከፍትም አባባ። ይህ በሬ ኳራንታይን ይገባል። ከአጥር ውጭ፣ ከታች ባለው ዳስ ለብቻው ታስሮ፣ በራሱ ገንዳ እየጠጣ አርባ ቀን ይቆያል።”

አቶ ዓለምነው ዕድሜ ልካቸውን ከምራት አፍ “አልከፍትም” ሲባል ሰምተው አያውቁም። ደማቸው ፈላ።

“ኳራንታይን! ያንን የኮሮና ጊዜ ቃል ደጄ ድረስ አመጣሽው? በሬዬን በእንግሊዝኛ ልታስሪው ነው?”

“የእንግሊዞችም አይደለም፤ ከጣሊያን አገር ተውሰውት ነው።”

“ጭራሽ ጣሊያን! አባቴ ጣሊያንን ሊዋጋ የወጣው በዚህ በር ነው። አሁን ቃሉ በዚሁ በር ሊገባ?”

“ቃሉን ያባርሩት፤ ቁም ነገሩን ግን ይስሙኝ” አለች ሥራነሽ። ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። “ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ቸነፈር አውሮፓን ሲፈጅ፣ ቬኒስ የምትባል የወደብ ከተማ ከውጭ የሚመጣ መርከብ ሰውም ዕቃም ሳያወርድ ተለይቶ እንዲቆይ አዘዘች። ‘ኳራንታ’ በእነሱ ቋንቋ አርባ ማለት ነው። መጀመሪያ ሌላ ከተማ ሠላሳ ቀን ብሎ ነበር፤ በኋላ አርባ ሆነ። ለምን አርባ እንደሆነ ሊቃውንቱ አይስማሙም፤ ጌታችን ከጾመው አርባ ቀን የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ።”

አቶ ዓለምነው በወጣትነታቸው ዲያቆን ነበሩ። “አርባ” የሚለውን ሲሰሙ፣ በቁጣ አንሥተውት የነበረው ዱላ ትንሽ ዝቅ አለ። ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

“አርባማ የእኛ ነው። የጥፋት ውኃ የዘነበው አርባ ቀን። ሙሴ በሲና የጾመው አርባ ቀን። ይህንን ከፈረንጅ ልማረው?”

“እንግዲያው አይማሩ፤ የሚያውቁትን ይሥሩበት። ወንድ ልጅ በስንት ቀኑ ክርስትና ይነሣል?”

“በአርባ።”

“እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን ይገባል?”

“አይገባም።”

“የእኔ ልጅ፣ እርስዎ እንደ ዐይንዎ ብሌን የሚያዩት፣ አርባ ቀን ጠብቋል። ከማን በረት እንደወጣ የማናውቀው በሬ ቢጠብቅ ምን ነውር አለው?”

እውነት ከምራት አፍ ስትወጣ ትመርራለች። ቢሆንም አቶ ዓለምነው ዋጧት።

“ረድኤቱስ?” አሉ ቀዝቀዝ ብለው። “አባቶቼን ላስቀይም?”

“አባቶችዎ በሬ የሚገዙት ከሚያውቁት ጎረቤት ነበር። የዛሬው በሬ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ስንት ወረዳ አቋርጦ ነው ገበያ የሚቆመው። የሳንባ በሽታ ሳምንታት ተደብቆ ይቆያል። አፍ ለአፍ ገጥመው ከጠጡ ሁሉንም ያዳርሳል። ቢፈልጉ ይርገሙኝ፤ በሩ ግን አይከፈትም።”

ፀሐይ ጠለቀች። አቶ ዓለምነው በሬያቸውን ወደ ዳሱ መለሱት።

“ለአርባው ብዬ ነው” አሉ እየሄዱ። “ለጣሊያኑ አይደለም!”

በሃያ ሦስተኛው ቀን በሬው መኖ እንቢ አለ፤ አንገቱን ዘርግቶ ያቃስት ጀመር። በሃያ ሰባተኛው ቀን ሞተ። ሥራነሽ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ አስቀበረችው። አቶ ዓለምነው አፈሩ ሲመለስ ቆመው አለቀሱ፤ ቀዩን በሬ ወደውት ነበር። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው በረት ገቡና ከብቶቻቸውን አንድ በአንድ በስማቸው ጠሩ። ስምንቱም አሉ። አንዱም አልሳለም። በመጪው ክረምት የሚያርሰውም፣ የሚታለበውም፣ የልጅ ልጃቸው የሚጠጣው ወተትም ከዚያው በረት ነው። ያን ምሽት ከአንድ ገንዳ ጠጥተው ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሊሄድ ነበር።

“ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው” አሏት ሥራነሽን። ይቅርታ መጠየቃቸው ነበር።

ከወር በኋላ ጎረቤታቸው እንዳላማው ከገበያ ጊደር እየነዳ ሲመጣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አግድመው በገዛ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

“ምነው ጋሼ ዓለምነው? ይክፈቱልኝ እንጂ።”

“አርባ ቀን ለብቻዋ ትቆያለች። አርባ ቀን መታገሥ ዓመት ሙሉ ከማልቀስ ይሻላል።”

“ደግሞ የምራትዎን እንግሊዝኛ ጀመሩ? በሩ እኮ የእኔ ነው!”

“በሩ ያንተ ነው” አሉ አቶ ዓለምነው። “ግጦሹ ግን የሁላችንም ነው። አልከፍትም።”