የሰሊጡ መጋዘን ተሳላሚዎች

ያን ጊዜ፣ እኛ ገና ጉልበት ሳይከዳን፣ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም። አንቺ ሰናይት፣ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ተኝተሽ የምትመጪበት መንገድ በክረምት፣ ሱዳኖቹ ኸሪፍ በሚሉት ወቅት፣ ጥቁር ጭቃ ነበር፣ ጭቃ ብቻ፣ ጫማ የሚያወልቅ፣ ጎማ የሚውጥ ጭቃ፣ እና ሎሪ አንዴ ከቆመ ቆመ ነው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ማንም አይሄድ ማንም አይመጣ። ታዲያ እኔ ከዶካ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር የሐጅ ኢድሪስ መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ጠባቂ ስልሽ ጠመንጃ የያዘ አይምሰልሽ፤ ቁልፍ የያዘ ነው። ጎንደር ሳለሁ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፣ የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው አውቅ ነበር፣ እና ኑሮ ገፍቶ ገፍቶ አምጥቶ የሰው ሰሊጥ ደጃፍ ላይ አስቀመጠኝ። ይሁን። ሰሊጥ ከተማሪ ይሻላል፤ አይረብሽም።

መጋዘኑ በጡብ የተሠራ ነው። ሰሊጥ አየር ካላገኘ ይታፈናል፣ ይሞቃል፣ ይበላሻል፤ ስለዚህ ግንበኛው ግድግዳው ላይ አየር ማስገቢያ ትቶለታል። እንዴት ተወ መሰላችሁ? ከመሐል አንድ ጡብ፣ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ ከግራ ከቀኝ አንዳንድ ሳይገጥም አለፈ። ለእጁ ስለቀለለው ነው እንጂ ሌላ አሳብ የለውም፤ ግንበኛው ሙስሊም ነው፣ ጠይቄዋለሁ። ታዲያ ከሩቅ ሲያዩት ምንድን ነው? መስቀል። በምሥራቅ በኩል ከጣሪያው ሥር መስቀል፣ መስቀል፣ መስቀል፣ ተደርድሯል።

እና ነሐሴ ላይ የጎንደር ሰዎች ለሰሊጥ አረም መጡ። ከመተማ በእግራቸው፣ ጭቃውን እያቦኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ካዩ የሰነበቱ። ገዳሪፍማ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ግን ማን ይደርስበታል? አንድ ጠና ያለ ሰው ከፊት ከፊት ይመጣል፣ ግድግዳውን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጫማውን አወለቀ። ሦስት ጊዜ አማተበና ሄዶ ጡቡን ሳመ። የተከተሉትም እንዲሁ፣ ሁሉም። እኔ ደግሞ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ቁልፉን በጄ ይዤ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉኛላችሁ? ቄሰ ገበዝ ነዋ! ሰውየው ጎንበስ ብሎ መጣና፣

«የኔታ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታቦቱ የማን ነው?»

«የምን ታቦት? ይሄ የሐጅ ኢድሪስ ነው።»

አሰበ፣ አሰበና ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «እኔ አላውቃቸውም፤ የዚህ አገር ጻድቅ ይሆናሉ» አለው።

አትሳቂ። አስረዳሁት፣ መጋዘን ነው፣ ሰሊጥ ነው አልኩት፣ አፈረ፣ ሳቀ። ግን እሱ እስኪያፍር ሌሎቹ ስመው ወደ እርሻው ሄደዋል፣ እና እነሱ ለሌሎቹ ነገሩ፣ ሌሎቹም ለሌሎቹ፣ በሳምንቱ በየእርሻው «ዶካ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን አለ» ተባለ። በየጠዋቱ ማስረዳት ሰለቸኝ። ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ ጠበል ነው ብሎ በጀሪካን ይዞ የሄደ አለ። አንዷማ ጧፍ ለኩሳ ግድግዳው ሥር አቆመችልኝ! ሰሊጥ እኮ ነው! ዘይት እኮ ነው ውስጡ ያለው! እንዴት እንደሮጥኩ እኔ ነኝ የማውቅ።

ታዲያ በዚያ ሁሉ መሐል ትርንጎ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ከተጋቡ ገና ነው፣ ለበሬ መግዣ ሠርተን እንመለስ ብለው ከባሏ ከመሳፍንት ጋራ የመጡ ናቸው። እና ባሏን በቃሬዛ አሸክማ፣ አንዱን ጫፍ ራሷ ይዛ መጣች። ካላዛር ነው። ታውቁታላችሁ አይደል? ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር የተኛን ሰው የምትነክስ፣ ድምፅ የሌላት ደቃቃ ዝንብ ናት የምታመጣው፤ ሰውየው ይተኩሳል፣ ይከሳል፣ ይከሳል፣ ሆዱ ብቻ ያብጣል። መንደራችን ውስጥ የዚህ በሽታ መርፌ የሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ነበር፣ እና ሐኪሙ ዐማርኛ ስለማይችል ለማስተርጎም እኔን ይጠራኛል።

«ዘግይቶ ነው የመጣ፣» አለኝ ሐኪሙ። «መርፌውን እንጀምራለን፣ ግን ሰውነቱ አቅም የለውም። ለሚስቱ ንገራት።»

«ምን አሉ የኔታ?» አለችኝ።

«ከባድ ነው አሉ።»

«ከባድ መሆኑንማ እኔው ተሸክሜው የመጣሁ» አለች። እንዲያ ናት ትርንጎ።

መርፌው በየቀኑ ነው፣ ብዙ ቀን፣ እና የሚያም መርፌ ነው። ሰውየው አጥንት ብቻ ሆኗል፣ ሥጋ የት ይገኝ? ይጮሃል፣ ይታገላል፤ ሌላ ሰው ሲይዘው ጭራሽ አይሆንም፣ እሷ ስትይዘው ብቻ ነው የሚረጋ። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን እጇ ተንቀጠቀጠ። ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እሱም የሷን እጅ አይቶ ባሰበት፣ ነርሱ መርፌውን አውጥቶ፣ «ይቺን ሴት አውጡልኝ!» አለ። ወጣች። በር ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታያለች። የራሷ እጅ አይመስላትም። በማግስቱም እንደዚያው። ሐኪሙ ጠርቶ ነገረኝ፦ «በሥርዓት ካልወሰደ አይድንም። ካልያዘችው አይወስድም።»

ይኸውላችሁ ነገሩ። የሰውየው ነፍስ በአንዲት ልጅ እጅ ላይ ወደቀ፣ እጇ ደግሞ እምቢ አላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጋዘኑ ጋ አየኋት። ሰው ነግሯት ይሆናል። ግንባሯን ጡቡ ላይ አድርጋ ቆማለች። አታለቅስም፣ ቆማለች ብቻ። ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ተከተልኳት። ገባች፣ ባሏን በሁለት ክንዷ አቀፈችው፣ «ና በል፣ መሳፍንቴ፣ ወደኔ እይ፣ ወዲያ አትይ» አለችው፣ መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ አለቀ። ነርሱ ወደኔ ዞሮ፣ «ይቺ የትናንቷ ናት?» አለኝ።

እንግዲህ እኔ ምን ልበል? «ልጄ፣ የተሳለምሽው የሰሊጥ ቤት ነው» ልበላት? ሳልነግራት ወደ ደጃፌ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መጀመሪያ መጋዘኑ ጋ፣ ቀጥሎ መርፌው ጋ።

ታዲያ ወሬው ሐጅ ኢድሪስ ጆሮ ደረሰ። ሐጁ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚረሳ ሰው ነው። መጣ።

«ያ ኡስታዝ!» አለኝ፣ መምህር ሆይ ማለቱ ነው።

«አቤት ሐጅ።»

«ሐበሾችህ ግድግዳዬን ይስማሉ አሉ።»

«ይስማሉ።»

«ለምን? ሰሊጤ ላይ ድግምት ይሠራሉ?»

«ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ነው።»

እንዴት ሳቀ መሰላችሁ! ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። «ሁኩማው፣ መንግሥቱ ቢሰማስ? ሐጅ ኢድሪስ ያለፈቃድ ቤተ ክርስቲያን ከፈተ ቢሉኝስ? እኔ መካ ደርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ እኮ!»

«ሰሊጥ እንጂ ታቦት የለበትም እላቸዋለሁ።»

«አንተን ማን ይሰማሃል? ድፈነው። በጭቃ ድፈንና ክብ ቀዳዳ አውጣለት። ኸላስ፣ አለቀ!»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት አይቸግርም። በማግስቱ መጣ፤ «አልደፈንከውም?» «ጭቃው ቀጠነ፣ ሐጅ።» ደግሞ መጣ፤ «ጭቃውስ?» «እሱማ ወፍሯል፣ ገለባ ጠፋ እንጂ።» «ገለባ? በዚህ አገር ገለባ ጠፋ?» ብሎ አፈጠጠብኝ፣ እና አንድ ጠዋት ግንበኛውን ከነመሰላሉ ይዞ ራሱ መጣ።

ትርንጎ እዚያው ናት። ግንባሯ ጡቡ ላይ።

«ይቺ ማን ናት?»

«ባሏ የታመመባት ናት። እዚህ ቆማ ነው ጉልበት የምታገኘው።»

«ንገራት። ቤተ ክርስቲያን አይደለም በላት።»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ልንገራት? ዐማርኛ አውቃለሁ?»

ጨነቀኝ። ሌላ መንገድ የለም። ጠጋ ብዬ፣ «ትርንጎ፣ ልጄ፣» አልኳት፣ «ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። መጋዘን ነው። ሰሊጥ ነው ያለበት።»

ግንባሯን አነሣች። ግድግዳውን አየች፣ ወደ ላይ ቀዳዳዎቹን አየች፣ ሐጁን አየች፣ መሰላሉን አየች። አሁን ትወድቃለች ብዬ እጄን ዘርግቻለሁ።

«መጋዘን?»

«መጋዘን።»

«ታቦት የለውም?»

«የለውም።»

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፣ ቁጣ የለባት፣ ዕንባ የለባት፣ ለማወቅ ብላ ብቻ፦ «ታዲያ እስከ ዛሬ ሲሰማኝ የነበረ ማን ነው?»

ስሙኝማ፣ እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የወንዝ ምንጭ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። ሐጁ ደግሞ እጅጌዬን እየጎተተ፣ «ምን አለች? ምን አለች?» ይለኛል። ተረጎምኩለት። ከዚያ ጮኸብኝ፣ የጠየቅሁት እኔ ይመስል፦ «አላህ ነዋ! ሌላ ማን ሊሰማት ነው? ይሄም ይጠየቃል?»

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ነዋ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው አሉ።»

«እንዲያ ከሆነ እዚህም ይሰማል ማለት ነው» አለችና ግንባሯን መልሳ ጡቡ ላይ አደረገች። እኛን ከቁም ነገርም አልቆጠረችን።

ሦስት ወንዶች መሰላል ይዘን እስክትጨርስ ቆመን ጠበቅን። ስትጨርስ ሐጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ብላ ነው የምትለምነው? ባሏ እንዲድን?» አለኝ። ጠየቅኋት።

«መጀመሪያ እንዲያ ነበር የምለው፣» አለች። «አድንልኝ፣ አድንልኝ፣ አድንልኝ። እንዲያ ስል ፍርሃቱ ባሰብኝ። አሁን መሳፍንትን ለሱ ሰጥቸዋለሁ፤ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቅበታል። አሁን የምለው፣ መርፌው ሲገባ እጄን ያዝልኝ ነው። እጄ ካልተንቀጠቀጠ መሳፍንት አይፈራም። ይኸን ይኸን ደግሞ አንድም ቀን አልነሣኝ።»

ተረጎምኩ። ሐጁ ጢሙን ይዞ ግድግዳውን አየ፣ ግንበኛውን አየ።

«መሰላሉን ይዘህ ሂድ» አለው።

«ክቡ ቀዳዳስ?»

«ክብ ቀዳዳ አይጥ ያስገባል፣ ይቅር።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ፦ «እሳት ግን የለም! ጧፍ ያየሁ ቀን፣ አንተ ቄሱ፣ ከሰሊጡ ጋራ ትቃጠላለህ!» ቄሱ እኔ መሆኔ ነው።

እና ቀጠለች። በየጠዋቱ፣ አሁን መጋዘን መሆኑን እያወቀች። እኔ ያኔ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ውስጤ አልረጋ ብሎኝ የኖርኩ ሰው ነበርኩ፤ ግን ያቺ ልጅ ስትቆም እያየሁ እኔም ደጃፌ ላይ መቆም ጀመርኩ። ብዙም አልልም። አማትቤ እቆማለሁ። እናም እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን ትርንጎ ጭቃውን በባዶ እግሯ እያንቦጫረቀች፣ እየሮጠች መጣች፦ «የኔታ! የኔታ!» አለቀ፣ ሞተባት አልኩ።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ወጡን ነቀፈው!»

«ምን?»

«ወጡ ጨው የለውም አለ! አንቺ ሴት ወጥ መሥራት ረሳሽ ወይ አለኝ! ተቆጣኝ፣ የኔታ፣ ተቆጣኝ!» ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ሰውየው እኮ አፍህን ከፍተህ ውሃ ጠጣ ሲባል እምቢ የሚል ነበር። እኔም ቁልፉን ጥዬ፣ መጋዘኑን ክፍቱን ትቼ፣ አብሬያት ሮጥኩ። ይኸን ሐጁ እስከ ዛሬ አልሰማም።

መርፌው ነው ወይስ ጸሎቱ ነው ያዳነው አትበሉኝ፣ ሰው ሁሉ ይኸንኑ ይጠይቀኛል። ያለ መርፌው ይሞት ነበር። ያለ ትርንጎ እጅም መርፌው አይገባም ነበር። የትርንጎን እጅ ማን እንደያዘው እሷ ነግራችኋለች፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም።

ሆዱ ጎደለ፣ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ እና ዝናቡ ሲያባራ በዱላ መሄድ ጀመረ። ታዲያ ትርንጎ የመጀመሪያ ሥራዋ ምን ሆነ? አለባብሳው፣ ነጠላ አጣፍታለት፣ እየደገፈች ወደኛ አመጣችው፣ ምስጋና ሊያደርስ። እሱ አልጋ ላይ ሆኖ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሲነገረው ነው የከረመ፤ መጋዘን መሆኑን ግን ማንም አልነገረው። መጣ። ጫማውን አወለቀ። ቀና ብሎ አየ። ጎንበስ ብሎ ወደ ጡቡ ሲጠጋ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«ትርንጎ።»

«ወይ።»

«ሰሊጥ ሰሊጥ ይለኛል። ይሄ መጋዘን አይደለም እንዴ?»

ዘወር ብላም አላየችውም፦ «ዝም ብለህ ተሳለም!» አለችው።

ምን አልሽ ሰናይት? ተሳለመ ወይ? ተሳለመ እንጂ! ያቺ ሴት አጠገቡ ቆማ ማን ደፍሮ አልሳለምም ይላል? ሐጁ ራሱ ከወዲያ ማዶ ቆሞ፣ «ሳም እንጂ ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ!» እያለ በአረብኛ ይጮህበት ነበር።